ከመስጊዱ በር የተመለሰው ሹፌር

አብዱልናስር ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ላምበረት መናኸሪያ ውስጥ የሚታወቀው በአንድ ነገር ነበር፤ አያቆምም። የኮምቦልቻን መንገድ ከያዘ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ፍሬን የሚረግጠው ለበግና ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው ይሉት ነበር። «ሹፌር፣ ኧረ ውሃ ሽንት!» ብሎ ከኋላ የሚጮህ መቼም አይጠፋም። እሱ ታዲያ በመስታወቱ አየት ያደርግና፣ «መንገደኛ ሻይ በጆግ አይጠጣም!» ይላል። ሰው ይስቃል፣ አውቶቡሱም ይነጉዳል።

አንድ ጊዜ ሸኖ ሳይደርሱ አንድ ሽማግሌ መተላለፊያው ላይ ቆመው ለመኑት። «ልጄ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ አንዴ ብቻ።»

«አባባ፣ አሁን ከላምበረት ሳንነሳ ገብተው አልነበር? ፊኛዎ ቀዳዳ ነው እንዴ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ደብረ ብርሃን ሲደርሱም ሁሉም ሰው ወርዶ እስኪያልቅ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። ለምን እንዳልተነሱ አብዱልናስር ያኔ አልገባውም፤ ሊገባውም አልፈለገም። የገባው እሱ ራሱ ስድሳውን ካለፈ በኋላ ነው።

ነገሩ የመጣው ቀስ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ሌሊት አንዴ መነሳት ሆነ፣ ከዚያ ሁለቴ ሦስቴ፣ ከዚያማ ከእንቅልፉ የመነሳቱ ጊዜ በለጠ። ሽንት ቤት ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ መጠበቅ መጣ። ድሮ ያለ ችግር ይወርድ የነበረው ቀጠነ፣ ይቆራረጥም ጀመር። እሺ፣ ይሁን፣ እርጅና ነው እንበል። ጨርሼያለሁ ብሎ ሱሪውን አስሮ ሲወጣ ግን ጠብ ይላል። ያቺ ጠብታ ናት ቤቱን ያፈረሰችው።

ለሌላ ሰው ጠብታ ጠብታ ናት፤ ተጠርጋ ትረሳለች። አብዱልናስር ግን ኮተቤ ከሚገኘው ከሰፈሩ መስጊድ የፊተኛው ሰልፍ ላይ፣ ከኢማሙ ጀርባ ቆሞ የሚሰግድ ሰው ነው። ለሶላት እጅ እግሩን ታጥቦ ውዱእ ያደረገ ሰው ሽንት ጠብ ካለው ውዱኡ ፈረሰ፤ የነካው ልብስም ነጃሳ ነው፣ አይሰገድበትም። ስለዚህ ከመንገድ ይመለሳል። ይታጠባል፣ ሱሪ ይቀይራል፣ ውዱኡን እንደገና ያደርጋል። መስጊዱ ሲደርስ ሰው ሰግዶ ጫማውን እየፈለገ ነው።

ከፊተኛው ሰልፍ ወደ ኋለኛው ሸሸ። ከኋለኛው ወደ በሩ። ከበሩ ደግሞ ወደ ቤቱ። «ምነው ጠፋህ?» ሲሉት፣ «ጉልበቴን እያመመኝ ነው» ይላል። ቤትም ቢሆን ሶላቱን በልበ ሙሉነት አይሰግድም፤ ሰግዶ ሲያበቃ ልብሱን እየዳበሰ፣ ይህቺማ ተቀባይነት የላትም ይላል ለራሱ።

ሚስቱ ዘሊካ የተጠራጠረችው ገመዱ ላይ በተሰጡት ሱሪዎች ነው።

«ምን ነካህ? ካልሲህን እንኳን ሳልጠይቅህ የማታነሳ ሰውዬ፣ ዛሬ ሱሪ አጣቢ ሆንክ?»

«ወንድ ልጅ ልብሱን ቢያጥብ ኃጢአት ነው?»

«ኃጢአትስ አይደለም፤ ተአምር ነው።»

እሷ ስቃ ነገሩን ተወችው። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱሪዎቹን ማጠቢያ ቤት ውስጥ ደብቆ ማስጣት ጀመረ።

አሁን የሚያበሳጨውን ልንገራችሁ። ይህ ሰው አንድ ልጅ አለችው። ዘሊካ ስንት ዓመት አልቅሳ፣ ስንት ዱዓ አድርጋ የወለደቻት ተቅዋ የምትባል ልጅ። ተቅዋ ፋርማሲስት ናት። ኮተቤ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ካለው መንገድ ገባ ብሎ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሳ ትሠራለች፤ የእሱን ዕድሜ የሚያህሉ አባቶች በየቀኑ ይችንኑ በሽታ ይዘው ይመጡባታል፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታስረዳቸዋለች፤ መርቀዋት ይሄዳሉ። አባቷ ግን ምን ይላል? «ለገዛ ልጄ ስለዚያ ቦታ ላወራላት ነው?» አይ አብዱልናስር! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሺህ ጊዜ ሰምቶ፣ ሺህ ጊዜ «እውነት ነው» ብሎ ራሱን ነቅንቋል። ይሉኝታ ግን ጆሮ የለውም።

ተቅዋን ሊያገባ ያሲር የሚባል ልጅ ሽማግሌ ላከ። ደህና ልጅ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር የሚውል፣ አንገቱን የሚደፋ፣ ሶላቱን የሚያውቅ። ያለው እንከን አንድ ብቻ ነው፤ መኪና መንዳት አይችልም። አብዱልናስር በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «መሪ መያዝ የማያውቅ ሰው ትዳር እንዴት ይይዛል? ልጄን የታክሲ ሰልፍ ሊያሰልፋት ነው?» ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቁ። ሲስቁ አልፎ የሄደ መሰለው፤ ቀልድ ግን አንዳንዴ ጥግ ይዞ ቀኑን ይጠብቃል።

ኒካሁ ከአሱር ሶላት በኋላ በሰፈሩ መስጊድ እንዲታሰር ቀን ተቆረጠ። በኒካህ ላይ የልጅቷ አባት ወሊይዋ፣ ዳሪዋ ማለት ነው፤ ከሙሽራው ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ አባት «ልጄን ድሬልሃለሁ» ይላል፣ ሙሽራው «ተቀብያለሁ» ይላል። ያ ነው። ተቅዋ ገና ሁለት ጥርሷ ወልቆ እያለ አብዱልናስር ጉልበቱ ላይ አስቀምጧት፣ «ያንቺ ኒካህ ቀን እኔ አባትሽ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው መንገድ መሀል አቁሜ ነው የምመጣው!» ይላት ነበር። ለማንም የማያቆመው ሰው ለእሷ ሊያቆም! ልጅቷ ይህን ለጓደኞቿ ሁሉ ስታወራ ነው ያደገችው።

ቀኑ ሲቀርብ አብዱልናስር ምግብ አስጠላው። የሚያየው ያንን ምንጣፍ ነው። ከነጭ ጀለቢያው ሥር ሲንጠባጠብ፣ የያሲር አጎቶች አፍንጫቸውን ሲይዙ፣ ኢማሙ ወደ ታች ሲያዩ ይታየዋል። በመጨረሻ ታናሽ ወንድሙን፣ ሾላ ገበያ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለውን አብራርን ጠራና፣ «ኒካሁ ላይ አንተ ቁምልኝ፤ ወክዬሃለሁ» አለው።

አብራር ሻዩን አስቀመጠ። «አባት በቁሙ እያለ? ምን ብዬ?»

«ጉዳይ አለብኝ በል።»

«ከልጅህ ኒካህ የሚበልጥ ጉዳይ የቱ ነው?»

«ወክዬሃለሁ አልኩህ!» ብሎ ጮኸበት። አብራር ታናሽ ነውና እሺ አለ።

ወሬ እግር አለው፤ በዚያው ምሽት ተቅዋ መጣች። በሩን ዘግታ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ያሲርን ጠልተኸው ነው?»

«ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን?»

አብዱልናስር አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ዘሊካ ከማድ ቤት ሆና ጆሮዋን አቁማለች። ልጁ ደግሞ ዓይኗ ውሃ ሞልቶ እያየችው ነው። «አልችልም» አለ። «አልችልም፣ በቃ። አትጠይቂኝ።»

«መኪና ስለማይነዳ?»

«ተቅዋ!»

«እሺ» አለች። ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

በኒካሁ ቀን ግን ልቡ እምቢ አለው። ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመሰም። ዘሊካ ከሴቶቹ ጋር ቀድማ ሄዳለች። ብቻውን ሆኖ ሁለት የውስጥ ሱሪ ደራርቦ፣ ነጩን ጀለቢያ ለብሶ፣ አዲሱን ኮፍያ አድርጎ ወጣ። እሄዳለሁ፣ አብራርን ገለል አድርጌ እቀመጣለሁ፣ አላህ ለዚያች ሰዓት አያሳፍረኝም እያለ። ከመስጊዱ ቧንቧ ውዱእ አደረገ። በሩ ጋ ደረሰ። የኢማሙ ንግግር ይሰማል፤ ስለ ትዳር እየመከሩ ነው። በሰዎቹ ትከሻ መካከል የያሲርን ጀርባ አየ፤ ሲያየውም አንጀቱን በላው፣ የልጁ ማጅራት በላብ ረጥቧል።

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና መደርደሪያው ላይ አኖረ። ልክ በዚያች ሰዓት ከፎቅ፣ ከሴቶቹ በኩል እልልታ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ከውስጥ፣ «ኧረ መስጊድ ነው!» ብለው ተቆጡ። ታሰረ እንዴ? አለ አብዱልናስር። ደነገጠ። ድንጋጤውም አልማረው፣ ሙቀቱ ጭኑ ላይ ሲወርድ ተሰማው።

ቀና አላለም። እንደጎነበሰ ጫማዎቹን መልሶ አነሳ፣ ሳያጠልቃቸው በእጁ ይዞ በካልሲው ግቢውን አቋርጦ ወጣ። አልቋል፣ ብገባም አልቋል፣ እያለ ለራሱ። አሮጌ ቶዮታውን አስነስቶ መሪውን ወደመራው ነዳ። መገናኛን፣ ፈረንሳይ ሰፈርን አልፎ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ነው የት እንዳለ ያስተዋለው። ከራጉኤል አለፍ ብሎ ባህር ዛፉ ውስጥ አቆመ። እዚህ ሰው የለም፣ ምንጣፍ የለም። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ከቤተ ክርስቲያኑ ሲመለሱ ሲያለቅስ አዩትና፣ «አይዞዎት አባት፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብለው አለፉ። ሰው የሞተበት መስሏቸው ነው።

ከታች ከተማው ተዘርግቷል። የእሱ ሰፈር በስተምሥራቅ በጭስ ተሸፍኗል። ፊኛው ተወጥሮ ዛፍ ሥር ቆመ። እነሆ የፈለገውን ያህል መሽናት የሚችልበት ቦታ ደረሰ። ጠበቀ፤ አልመጣም። አማጠ፤ ጠብታ እንኳን እምቢ አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አልቆምም ብላ ያዋረደችው ሽንት፣ ዛሬ ልቀቂ ሲላት ቆማ ቀረች። ብርዱ ሲበረታ ሆዱ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ላብ አጠመቀው። ለዘሊካ እንዳይደውል ሠርግ ላይ ናት። የደወለው ለነገሳ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የአውቶቡሱ ረዳት ለነበረው፣ አሁን ላምበረት አልጋ ቤት ለከፈተው።

ነገሳ በሰው መኪና እየበረረ መጥቶ መሬት ላይ ተጠቅልሎ አገኘው። «ጋሼ! ምን ሆኑ? ዛሬ አይደል እንዴ የተቅዋ?»

«ዝም ብለህ አንሳኝ» አለ አብዱልናስር።

ሆስፒታል ደርሰው በድንገተኛ ክፍል የተቀበለችው ሲፈን የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ሴት መሆኗን ሲያይ ፊቱን ሊያዞር ነበር፤ ሕመሙ ግን ይሉኝታውን አሸነፈው። ቀጭን ቱቦ ገባለት፣ ከረጢቱም ሞላ። ሲተነፍስ ከተወለደ ጀምሮ ያልተነፈሰ ይመስል ነበር።

«ፕሮስቴት ነው አባባ» አለችው ወንበር ስባ ተቀምጣ። «ከፊኛ ሥር የምትገኝ ዕጢ ናት። ወንድ ሁሉ አለው። በወጣትነት ትንሽ ናት፣ የኮክ ፍሬ ብታህል ነው። የሽንት ቧንቧው መሀሏን አልፎ ነው የሚሄደው። ዕድሜ ሲገፋ ታድጋለች፣ ቧንቧውን ታጠበዋለች። ፊኛዎ ሙሉ በሙሉ ባዶ አይሆንም፣ ለዚህ ነው ቶሎ ቶሎ የሚመጣብዎት፣ የሚንጠባጠበውም።»

«ካስቸገረች አውጡልኝ! ምን ትሠራለች?»

«ሥራማ አላት» አለች ፈገግ ብላ። «የወንድ ዘር የሚጓዝበትን ፈሳሽ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ያለ እሷ ልጅ አይታሰብም ነበር ማለት ይቻላል። ልጅ አለዎት አባባ?»

«አንድ። ሴት።» አለ። «ዛሬ ኒካህዋ ታሰረ።»

«ውይ፣ እንኳን ደስ አለዎት!»

አብዱልናስር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሐኪሟ ያመመው መስሏት ቱቦውን አየችለት። ያቺን ልጅ የሰጠችው ዕጢ ራሷ ከልጁ ኒካህ እንዳስቀረችው ለማን ይንገር?

ደሙም ዕጢዋም ተመርምረው ካንሰር እንዳልሆነ ታወቀ፣ አልሐምዱሊላህ። «ግን ሊሆን ይችል ነበር» አለችው ዶክተር ሲፈን፤ «ሦስት ዓመት ምን ሲጠብቁ ነበር?» ኪኒን አዘዘችለትና ከነቱቦው ወደ ቤቱ ሰደደችው።

ዘሊካ ስትሰማ መጀመሪያ ደረቷን መታች፣ ቀጥላ እሱን ልትመታው ቃጣች። «ሱሪውን! ያን ሁሉ ሱሪ! እኔን ሚስትህን? ቆይ፣ እኔ እንግዳ ነኝ?» ለተቅዋ እንዳትነግራት አስማላት፤ እኔው እነግራታለሁ አላት። ተቅዋ ከያሲር ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ለእናቷ ትደውላለች። አባቷን አትጠይቅም። እሱም ስልኩን አንስቶ ቁጥሯን ያይና መልሶ ያስቀምጣል።

ኢማሙ ሊጠይቁት የመጡት በዚህ መሀል ነው። አብዱልናስር ከረጢቱን በጋቢው ሸፍኖ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ከብዙ መንተባተብ በኋላ ነገራቸው። ሸክሙን ሲያወርድ እንኳን አልደፈረም፣ ቃሉን እየቆራረጠ ነው። ኢማሙ አዳመጡት። ከዚያ ራሳቸውን ያዙ።

«አብዱልናስር፣ ይህ እኮ በኪታብ የተጻፈ ነገር ነው። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ተጸዳድቶ ጨርቅ ነገር ያደርጋል፣ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው አይጎዳውም። በሽተኛ ነዋ! አላህ በሽተኛን ያስጨንቃል?»

«መስጊድም?»

«መስጊድም። የፊተኛው ሰልፍ ላይ ከምናየው ሽማግሌ ስንቱ እንዲህ የሆነ ይመስልሃል? አጠገብህ ይቆሙ የነበሩት ሐጂ ስንት ዓመታቸው ነው በዚህ? መጥተው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ይሰግዳሉ። ኒካህ ደግሞ ጭራሽ ውዱእ አይፈልግም። በርጩማ ላይ ብትቀመጥ፣ ውጭ ግቢው ውስጥ ብናስረው፣ ማን ይከለክለን ነበር?» ትከሻውን ነካ አድርገውም፣ «አንዴ ብትጠይቀኝ ምን ነበር?» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ቱቦው ወጥቶ፣ ኪኒኑ ሠርቶ፣ አብዱልናስር ከዚያ በኋላ መስጊድ ገባ። ሰው «እንኳን ደህና መጣህ» አለው። ሲሰግድ ግን ሐሳቡ ምንጣፉ ላይ ነበር፤ እዚህ ጋ ነበር የምቀመጠው፣ እዚህ ጋ ደግሞ ያሲር እያለ። ኪኒኑ ሊያልቅ ሲል ዘሊካ፣ «ሰፈራችን ካለው ላስገዛልህ?» አለችው። «ተይው፣ እኔ እሄዳለሁ» አለ። ዘሊካ ገባት፤ ኮፍያውን አቀበለችው።

መድኃኒት ቤቱ ሲደርስ ከፊቱ አንድ አባት ቆመዋል። ተቅዋ አባቷን አላየችም። ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማታ፣ ከእራት በኋላ ነው የሚወስዱት አባባ። ከአልጋ ሲነሱ ቀስ ብለው፣ ራስ ሊያዞርብዎት ይችላል። ከመሸ ሻይና ቡና ይቀንሱ። ደግሞ አይፈሩ፣ ስንቱ አለበት መሰለዎት» አለች። ሽማግሌው፣ «ውለጂ፣ ክበጂ» ብለው መርቀዋት ወጡ። ቀና ስትል አባቷ ነው።

ፊቷ ተዘጋ። «እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እኔም አሁን ለእኚህ አባት የሰጠሽውን ስጪኝ።»

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።» አንዲት ሴት ሳሙና ልትገዛ ከኋላው ገብታለች፤ ይስማ፣ ማንም ይስማ። «ፕሮስቴት ነው ተቅዋ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ያን ቀን ምንጣፉ ላይ እንዳላዋርድሽ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ያሲርን በአላህ እልሻለሁ አልጠላሁትም። መጥቼ ነበር፣ በሩ ድረስ መጥቼ ነበር።»

ተቅዋ መድኃኒቱን ይዛ ቆመች።

«አውቃለሁ» አለች። «አየሁህ።»

«ምን?»

«ፎቅ ላይ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። በግቢው በር ስትገባ፣ ቧንቧው ጋ ስትታጠብ አየሁህ። ስትጠጋ 'አባዬ መጣ!' ብዬ ጮህኩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ላንተ ነው እልል ያሉት።» መድኃኒቱን ባንኮኒው ላይ አኖረች። «ገና አልታሰረም ነበር እኮ። ኢማሙ ምክሩን ያስረዘሙት ምናልባት ትመጣ እንደሆነ ብለው ነው፣ እናቴ ልካባቸው። ከዚያ ጫማህን መልሰህ ስታነሳ አየሁህ። ያሲርን ከበር ላይ አይተህ የተመለስክ መሰለኝ። እኔ ነኝ ወደ ታች የላክሁት፤ አይመጣም፣ እሰሩት ብዬ።»

አብዱልናስር መደገፊያ ፈለገ። ሳሙና ፈላጊዋ ሴት ወንበር አቀረበችለትና ሳሙናዋን ሳትገዛ ወጣች።

ተቅዋ ከባንኮኒው ዞራ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። አላቀፈችውም፣ አልተቆጣችውምም። «በየቀኑ እኮ ነው የምሰጠው ይህን መድኃኒት» አለች። «ለሰው አባት ሁሉ።»

«አፈርኩ ልጄ።»

«እኔን?»

ምን ይበል? «ቪዲዮ ቀርጸዋል አሉ» አለ። «አላየሁትም። እናትሽ ላሳይህ ስትለኝ እምቢ ብዬ ነው።»

ስልኳን አውጥታ በመካከላቸው ያዘችው። መስጊዱ መጣ፣ ምንጣፉ፣ የያሲር የረጠበ ማጅራት። ኢማሙ ይመክራሉ፤ በየመሀሉ ዓይናቸውን ወደ በሩ ይወረውራሉ። ከእልልታው በኋላማ አንገታቸውን አስግገው ፈገግ ብለው ጠበቁ። ማንም አልገባም። አንድ ሰው መጥቶ በጆሯቸው አንሾካሾከ፤ ፈገግታቸው ጠፋ፣ አብራርን በእጃቸው ጠሩት። አብራር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በወንድሜ በአብዱልናስር ስም...» ብሎ ጀመረ። ኢማሙ፣ «ገና ነው፣ መጀመሪያ እጅህን ስጥ» አሉት።

ይኼኔ ሽንቱ መጣ። ኪኒኑ ረድቶታል እንጂ ጨርሶ አላዳነውም። አብዱልናስር ብድግ አለ። አፉ እንደ ልማዱ ውሸቷን አዘጋጅቶ ነበር፤ መኪናዬን ክፉ ቦታ ነው ያቆምኳት ሊል።

«ወዴት ነው?» አለች ተቅዋ፣ ዓይኗ ደንግጦ።

«ሽንቴ መጣ» አለ።

ተቅዋ ስልኩን በጣቷ ነካች። የአብራር እጅ አየር ላይ ቆመ። «ከኋላ በኩል ነው፣ ቁልፉ ይኸው። አቁሜዋለሁ አባዬ፣ ቀስ ብለህ ና።»

ጠባቧ ሽንት ቤት ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቀ። እንደ ዱሮው አይፈጥንም፣ ጊዜውን ይወስዳል። ይህችን ያህል ነበረች። ሽንቴ መጣ፣ ቆዩኝ። ይህን ቢል ኢማሙ ይቆዩት ነበር፣ የያሲር አጎቶች ይቆዩት ነበር፣ ፎቅ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ይቆዩት ነበር፤ እንዲያውም ሳይጠይቃቸው እየቆዩት ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት አቁም ሲባል ያላቆመ ሰው፣ አቁሙልኝ ማለት አያውቅበትም ነበር። ሸኖ አጠገብ የለመኑት ሽማግሌ ከእሱ ይሻላሉ፤ እሳቸው ቢያንስ ተነስተው ጠይቀዋል።

እጁን ታጥቦ ሲመለስ ተቅዋ ስልኩን እንደያዘች ነበር።

«ልቀጥል?»

«ቀጥይ» አለ።

ስልኩን መልሳ ነካች። የአብራር እጅ ሄዶ የያሲርን እጅ ያዘ።